ማህፀን ሲወጣ፦ የኦፕሬሽኑ ውሳኔ ምን ላይ ይቁም?

በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ወደ 400 የሚጠጉ ሴቶችን ስለ ሽንትና ስለ ማህፀን ችግር ጠየቁ፤ ቀጥሎም ፈቃደኛ የሆኑትን መረመሩ። ከተመረመሩት ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የማህፀን ወይም የብልት ግድግዳ መውረድ ተገኘ፤ ያውም ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ የደረሰ። ሲጠየቁ ግን «የሚወጣ ነገር አለኝ» ያሉት ከመቶ 6 ገደማ ብቻ ነበሩ።

ይህን ልዩነት ያየ ሰው «ሴቶቹ አፍረው ደብቀው ነው» ቢል አልፈርድበትም። ሐፍረቱ እውነት ነው። ለባሏ እንኳ ሳትናገር ጨርቅ አጣጥፋ እየደገፈች፣ ከማኅበርና ከለቅሶ ቤት እየቀረች ዓመታት የቆየች ሴት በየወረዳው አለች። ነገር ግን ሐፍረት ብቻውን ያን ሁሉ ልዩነት አይሞላም። ብዙ ሴት ላይ መውረዱ አለ፣ የሚያስቸግር ሕመም ግን የለም። ማህፀኗ መውረዱን ሐኪም የነገራት ሴት ሁሉ ኦፕሬሽን አያስፈልጋትም፤ በሌላ በኩል ኦፕሬሽን ሕይወቷን የሚመልስላት ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሆስፒታሉን ሳታየው ትኖራለች። ውሳኔው መቆም ያለበት ሐኪሙ በለካው ሴንቲሜትር ላይ ሳይሆን ሴትየዋ በዕለት ኑሮዋ ባጣችው ነገር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

የዳሌ ወለል የሚባለው ከዳሌ የፊት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት የተወጠረ የጡንቻና የጅማት ንጣፍ ነው። ፊኛን፣ ማህፀንንና ደንዳኔን ከታች ሆኖ ይሸከማል። እንደ ጠፍር አልጋ ነው፤ ጠፍሩ ሲላላ የተኛበት ሁሉ ወደ መሬት ይወርዳል። በተለምዶ «ማህፀን ወጣ» ይባል እንጂ የሚወርደው ሁልጊዜ ማህፀኑ አይደለም። ከፊት ፊኛው የብልቱን ግድግዳ እየገፋ ሊመጣ ይችላል፤ ከኋላ ደንዳኔው፤ ማህፀኗ ቀድሞ በኦፕሬሽን በወጣላት ሴት ላይ ደግሞ የብልቱ ጣሪያ ራሱ ሊገለበጥ ይችላል። ለኦፕሬሽን ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ምክንያቱም የሚጠገነው ቦታ ይለያያል።

ጠፍሩን የሚያላላው በዋናነት ወሊድ ነው፤ በተለይ የተራዘመ ምጥ፣ በመሣሪያ የተጎተተ ልጅና ተደጋጋሚ ወሊድ። ዕድሜና የወር አበባ መቋረጥ፣ የማያቋርጥ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ከባድ ሸክምና ከወላጅ የሚወረስ የጅማት ድክመት ይጨመሩበታል። በዳባቱ ጥናትም ረጅም ምጥ ያሳለፉና በቀን 5 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ዕቃ የሚሸከሙ ሴቶች ላይ ችግሩ ጎልቶ ታይቷል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በጤና ተቋም የተገላገሉት እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በ2019 ቁጥሩ 48 ደርሷል። ዛሬ በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉት እናቶቻችን ያኔ በጓዳ ያማጡት ናቸው፤ ሕመሙ አሁን በእነሱ ላይ በብዛት መታየቱ አያስገርምም።

ሐኪሞች መውረዱን ከ0 እስከ 4 በደረጃ ይለኩታል። ሁለተኛ ደረጃ ማለት የወረደው ነገር ከብልት መግቢያ 1 ሴንቲሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሲገኝ ነው። ሦስተኛው ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ወደ ውጭ የወጣ፣ አራተኛው ሙሉ በሙሉ የተገለበጠ ነው። ሴቶች ነገሩን ማስተዋል የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ የወረደው ነገር መግቢያው ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ያለ ደረጃ ለሌላ ጉዳይ ሲመረመሩ በአጋጣሚ የሚገኝ ነው፤ ቅሬታ ከሌለ ክትትል እንጂ ቢላዋ አይፈልግም።

ማህፀን መውጣት ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። በየዓመቱ የግድ እየባሰ የሚሄድም አይደለም፤ ባለበት የሚቆይ ብዙ ነው። ስለዚህ አብዛኛዋ ሴት የማሰቢያ ጊዜ አላት። «ቶሎ ካልተደረገልሽ ይብስብሻል» የሚለው ማስፈራሪያ ለብዙዎቹ አይሠራም። ጊዜ የማይሰጡት ሁኔታዎች ግን አሉ፤ እነዚህን ማወቅ ግድ ነው። ሽንት አልወጣ ካለ፣ ወይም የወጣውን በእጅ ወደ ውስጥ ሳትመልስ መሽናት ካልቻለች፤ የወጣው ነገር ቆስሎ ከደማ፤ አልመለስ ብሎ ካበጠ፤ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ የሽንት ቱቦዎችን በመጠምዘዝ ኩላሊትን ካሳበጠ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ አለባት። የወር አበባዋ ከተቋረጠ በኋላ የደማች ሴት ደግሞ ምንም ዓይነት የማህፀን መውጣት ቢኖርባት፣ ደሙ ከቁስሉ ነው ተብሎ ሳይታለፍ የማህፀኑ ውስጥ መመርመር አለበት።

ከኦፕሬሽን በፊት ሁለት ነገሮች አሉ፤ በአገራችን ብዙ ጊዜ ሳይነሱ የሚታለፉትም እነሱ ናቸው።

አንደኛው የዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና በብሪታኒያ፣ በኒው ዚላንድና በአውስትራሊያ 447 ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት፣ በ16 ሳምንት ውስጥ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ለብቻ እየተገናኙ የተለማመዱት ሴቶች ምልክቶቻቸው ካልተለማመዱት ይልቅ እንደቀነሱላቸው አሳይቷል። ልምምዱ ፈስና ሽንት እንደሚይዙ ሆኖ ጡንቻውን ወደ ላይ መሳብ፣ እስከ 10 ሰከንድ ማቆየት፣ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው፤ ይህን ከ8 እስከ 12 ጊዜ እየደጋገሙ በቀን ሦስቴ። ለውጡ በሳምንት አይታይም፤ ሦስት ወር፣ አራት ወር ይፈልጋል። ብዙ ሴት ሆዷን ወይም መቀመጫዋን እየጨመቀች በትክክል የሠራች ስለሚመስላት አንድ ጊዜ በባለሙያ መታየቱ ይጠቅማል። ሙሉ በሙሉ የወጣን ማህፀን ልምምድ አይመልሰውም፤ ይህን ተስፋ መስጠት ስህተት ነው። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ግን መጀመሪያ መሞከር ያለበት እሱ ነው። ከእሱ ጋር የሆድ ድርቀትን ማከም፣ ከቆየ ሳል መታከም፣ በጭስ የታፈነ ማድቤትን ማናፈስ ሁሉ አብረው የሚሄዱ ናቸው።

ሁለተኛው ፔሳሪ ነው፤ በብልት ውስጥ ገብቶ የወረደውን የሚደግፍ የሲሊኮን ቀለበት። በልክ ይመረጣል፤ ልኩን ያገኘች ሴት እንዳለ እንኳ አይታወቃትም። በኔዘርላንድስ 440 ሴቶችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ፔሳሪን ከኦፕሬሽን ጋር በቀጥታ አወዳድሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ በግልጽ እንደተሻላቸው የተናገሩት ፔሳሪ ከታዘዘላቸው 76 ከመቶ፣ ኦፕሬሽን ከታዘዘላቸው 82 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ልዩነቱ ጠባብ ይመስላል፤ ነገር ግን ፔሳሪ ከታዘዘላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ወደ ኦፕሬሽን ተሻግረዋል። ስለዚህ ውጤቱ ሁለት ነገር ይነግረናል፦ ፔሳሪ መጀመሪያ መሞከሩ አይጎዳም፣ ብዙዎችም በእሱ ይኖራሉ፤ ግን ሁሉንም ሴት አይዝም።

ፔሳሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተረስቶ ለዓመታት ከተቀመጠ ግድግዳውን ይፈትጋል፣ ያቆስላል፣ አልፎ አልፎም ሥጋ ይቀብረዋል። የወር አበባ ላቆሙ ሴቶች በብልት የሚቀባ የኤስትሮጅን ክሬም ቁስሉን ይቀንሳል። «ገጠር ያለች ሴት ማን ይከታተልላታል?» የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ያለ ይመስለኛል። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ሴቶቹ ራሳቸው እያወጡ፣ እያጠቡ፣ እየመለሱ ሲጠቀሙበት የኑሮ ጥራታቸው በሐኪም ከሚታዩት እንደማያንስ፣ ጉዳቱም እንደሚቀንስ አሳይቷል። በወር አንድ ቀን አውጥታ በውሃና በሳሙና አጥባ የምትመልሰውን ነገር አንዲት ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልታስተምራት ትችላለች። ገና መውለድ ለምትፈልግ የ28 ዓመት ሴት፣ ለልብ ሕመምተኛ፣ ወይም ወረፋ ለምትጠብቅ እናት ይህ ቀለበት ከምንም ይበልጣል። በጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ አለመኖሩ ያናድደኛል፤ ሴትየዋ «ኦፕሬሽን ወይስ ምንም» ከሚል ምርጫ ፊት የምትቆመው በዚህ ምክንያት ነውና።

ወደ ኦፕሬሽኑ እንምጣ። ብዙ ሰው «ማህፀን ወጣ፣ ማህፀን ይውጣ» ብሎ ያስባል። ነገር ግን የላላው ጠፍሩ እንጂ ማህፀኑ አይደለም፤ ማህፀን ማውጣት በራሱ የመውረድ ሕክምና አይሆንም። ማህፀኑ ወጥቶ የብልቱ ጣሪያ ከጠንካራ ጅማት ጋር ካልተሰፋ ከዓመታት በኋላ ጣሪያው ራሱ ሊወርድ ይችላል፤ የዚያ ጥገና ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ስለዚህ ሐኪሙ ሊጠየቅ የሚገባው ዋናው ጥያቄ «ታወጣዋለህ?» ሳይሆን «ጣሪያውን ከምን ጋር ታስረዋለህ?» የሚለው ነው። ማህፀኑን ሳያወጡ ከጅማት ጋር መልሶ መስፋትም ይቻላል። በኔዘርላንድስ ሁለቱን ያወዳደረና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ማህፀንን አቆይቶ መስፋቱ ከማውጣቱ እንደማያንስ አግኝቷል። ማህፀኔ ከወጣ ሴትነቴ አብሮ ይሄዳል ብላ ለምትጨነቅ ሴት ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ምርጫ እንዳላት ሊነገራት ይገባል።

ለአረጋውያን ሌላ መንገድ አለ፤ የብልቱን ክፍተት ከውስጥ ሰፍቶ መዝጋት። ጊዜው አጭር ነው፣ ማደንዘዣው ከወገብ በታች ብቻ ሊሆን ይችላል፣ መውረዱ ተመልሶ የመምጣቱ ዕድልም ከሁሉም ያነሰ ነው። ዋጋው ግን ከዚያ በኋላ የግብረ ሥጋ ግንኙነት አለመኖሩ ነው። ይህን ለ75 ዓመት እናት ራሳቸው ይወስኑ። ባልቴት ናቸው፣ አርጅተዋል ተብሎ ልጅ ወይም ሐኪም ስለ እርሳቸው ሊገምት አይገባም፤ ለብቻቸው፣ ወንድ ልጅ በሌለበት፣ ተጠይቀው ይመልሱ።

ስለ መረብ ደግሞ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በምዕራቡ ዓለም በብልት በኩል የሚሰፋ የፕላስቲክ መረብ ተስፋፍቶ ነበር። መረቡ በብዙ ሴቶች ላይ ግድግዳውን በልቶ ወጣ፤ ሕመምና ደም አመጣ፤ ማውጣቱም ከባድ ሆነ። በብሪታኒያ የተደረገና በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት መረቡ ከተለመደው ስፌት የተሻለ ጥቅም እንደሌለው አሳየ። አውስትራሊያ በዚያው ዓመት ከገበያ አስወጣችው፤ ብሪታኒያ በ2018 አጠቃቀሙን አገደች፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በኤፕሪል 2019 ኩባንያዎቹ ሽያጩን እንዲያቆሙ አዘዘ። በውጭ የሚኖሩ እናቶችና እህቶች «መረብ» የሚል ቃል ሲሰሙ መለየት ያለባቸው ነገር አለ። የአሜሪካው እገዳ በብልት በኩል ለማህፀን መውረድ የሚገባውን ይመለከታል እንጂ በሆድ በኩል ጣሪያውን ከጅራት አጥንት በላይ ካለው አጥንት ጋር የሚያስረውን መረብ፣ ወይም ለሽንት ማምለጥ የሚደረገውን ቀጭን ማሰሪያ አይደለም። የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጠየቅ። በአሜሪካ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ሆስፒታሉን አስተርጓሚ በነጻ የመጠየቅ መብት አላት፤ ስለ ብልቷ በልጇ አፍ እንድትናገር የሚያስገድዳት ነገር የለም።

ኦፕሬሽኑ ይሠራል? ይሠራል፤ አብዛኛዋ ሴት ቀንበር የወረደላት ያህል ይሰማታል። ለዘለዓለም ግን ብሎ የሚምል ሐኪም አይታመን። በአሜሪካ ሁለት የመስፊያ ዘዴዎችን አወዳድሮ ሴቶቹን ለ5 ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታተም፣ በተመራማሪዎቹ ጥብቅ መለኪያ ከ10 ሴቶች በ6 ወይም በ7ቱ ላይ ጥገናው «አልያዘም» ተባለ። አስደንጋጭ ቁጥር ነው። ዳግም ሕክምና ያስፈለጋቸው ግን ከ10 አንዷ ገደማ ብቻ ነበሩ። እዚህም በመለኪያው የሚታየውና ሴትየዋ የምትኖረው ይለያያሉ። ሌላም ሊነገር የሚገባው አለ፦ የወረደው ፊኛ የሽንት መውጫውን አጥፎ ይዞት ከነበረ፣ ሲጠገን እጥፋቱ ይከፈትና ሲያስሉ ሲስቁ ሽንት ማምለጥ አዲስ ሊጀምር ይችላል። ቀድሞ ያልተነገራት ሴት «አበላሹኝ» ትላለች፤ የተነገራት ግን ታግሳ ትታከመዋለች።

ነጻ የኦፕሬሽን ዘመቻ ብዙ እናቶችን ከስቃይ አውጥቷል፤ የሚያደርጉትንም አመሰግናለሁ። አዲስ አበባ ያለው ሐምሊን ሆስፒታልና በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋዓለም፣ በሐረርና በመቱ ያሉት ማዕከላቱ ከፊስቱላ ሌላ የማህፀን መውጣትንም ያክማሉ፤ በዘርፉ የሠለጠኑ የማህፀን ሐኪሞችም በአገር ውስጥ እየወጡ ነው። ዘመቻ ግን አንድ ጠባይ አለው። ቀኑ የተቆጠረ ነው፣ ሴቶቹ ከሩቅ ተሰብስበዋል፣ «ዛሬ ካልሆነ መቼ?» የሚል ጫና አለ። ኔፓልን እናስታውስ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የማህፀን መውጣት መስፋፋት የሴቶች መብት ጥሰት ነው ብሎ ከፈረደ በኋላ መንግሥት በካምፕ በካምፕ ነጻ ኦፕሬሽን አስጀመረ። በ2014 አምነስቲ ኢንተርናሽናል ያወጣው ሪፖርት የወቀሰው፣ ትኩረቱ ቢላዋው ላይ ሆኖ ችግሩን የሚያመጣው ነገር ሳይነካ መቅረቱን ነበር። ሸክሙ እዚያው ነው፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻው እዚያው ነው፣ አራስ ሳትጠነክር ወደ ሥራ መመለሷም እንዲሁ።

በእኛም አገር የአንድ ኦፕሬሽን ዕድሜ ከሚወሰንባቸው ነገሮች አንዱ ከሆስፒታል በር ውጭ ያለው ነው። አብዛኞቹ ሐኪሞች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሳ ያዛሉ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ በጀርባዋ ታስሮ ዳገት ይወጣል። «አትሸከሚ» ብሎ መላክ ቀላል ነው፤ ውሃውን ማን ያምጣ? እንጨቱንስ? ይህ ጥያቄ ከቀጠሮው በፊት ባልና ልጆች፣ ካስፈለገም አማች ባሉበት ሊነሳ ይገባል። ለወለደች ሴት 40 እና 80 ቀን የሚያከብር ባህል አለን፤ ለተሰፋች እናት ያንኑ ማክበር የሚከብደን አይመስለኝም፤ ከተነገረን። ከውጭ ሆነው የሕክምናውን ብር የሚልኩ ልጆችም ለሁለት ወር ውሃ የሚቀዳና ቤት የሚይዝ ሰው ደመወዝ ቢጨምሩበት፣ ሐኪሙ የሠራውን ሥራ አብረው ያጸኑታል።

ወቅቱም ይታሰብ። አዝመራ ሳይገባ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የተሰፋች ገበሬ እናት እንዴት ብላ ትተኛለች? ከጥር በኋላ የማሳው ሥራ ይቀላል፤ ምንጩ ግን እየራቀ ይሄዳል፤ በአንዳንድ ቀበሌ ውሃ ፍለጋ የሰዓታት መንገድ ይሆናል። ቀጠሮ የሚሰጠው ሐኪም ይህን ከሆስፒታሉ ቀን መቁጠሪያ ላይ አያገኘውም፤ ሴትየዋን «መቼ ይመችሻል?» ብሎ ሲጠይቃት ብቻ ነው የሚያውቀው። እስከዚያው ድረስ ደም ማነሷ፣ ግፊቷና ስኳሯ ይታይላት፣ ቁስል ካለባት ይድረቅላት፣ ቀለበትም ካለ ይግባላት።